በኦፕሬሽን ላይ የፈሰሰው ደም ስንት ነው? እንመዝነው እንጂ አንገምተው

ኦፕሬሽኑ እያለቀ ነው። ሐኪሙ ቆዳ እየሰፋ ነው። እኔ ከታካሚዋ ራስጌ ቁጭ ብዬ የሰመመን ቅጹን እሞላለሁ። ከታች አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ «የፈሰሰ ደም» ይላል። ቀና እልና «ደሙን ስንት ልበል?» እላለሁ። ሐኪሙ የሳክሽኑን (የደም መሳቢያውን) ጠርሙስ በጨረፍታ ያያል፣ ወለሉን ያያል። «አምስት መቶ በል» ይለኛል። እጽፋለሁ። 500 ሚሊ ሊትር።

ይችን ቁጥር ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት አላውቅም። ቀላሉም 500፣ ከበድ ያለውም 500። በጣም የፈሰሰ ሲመስለን 800። ማንም እየዋሸ አይደለም። ሐኪሙ የመሰለውን ነው የሚናገረው፣ እኔም የተባልኩትን ነው የምጽፈው። ችግሩ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማናችንም አለመጠየቃችን ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ቅጽ ለመሙላት ብቻ አይደለም። ደም ይሰጥ አይሰጥ የሚወሰነው በእሱ ነው። ታካሚው ወደ ዋርድ ይሂድ ወይስ እዚሁ ቆይቶ ይታይ የሚባለው በእሱ ነው። ማታ ተረኛ የሆነችው ነርስ ፋይሉን ገልጣ «500» የሚል ስታይ ልቧ ያርፋል። «1,400» የሚል ብታይ ግን በየሩብ ሰዓቱ ግፊት ትለካለች።

1,400ን ዝም ብዬ አላነሳሁም። አንድ ሌሊት ሦስተኛ ልጇን በኦፕሬሽን የወለደች እናት ነበረች። ማህፀኗ ትንሽ ልፍስፍስ ብሎ አስቸግሮን ነበር፣ በኋላ ግን በመድኃኒት ጠንከር አለልን። ስንጨርስ 600 ተባለ፣ 600 ጻፍኩ። ግፊቷ ደህና ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከዋርድ ተደወለልኝ። የልብ ምቷ 128 ሆኗል፣ የላይኛው ግፊቷ 90 ነው፣ «ውሃ ጠማኝ» እያለች ትገላበጣለች። ሮጥን። አሁን እየደማች እንዳልሆነ ካረጋገጥን በኋላ ጥያቄው ይሄ ሆነ፤ በ600 ደም እንዲህ ትሆናለች እንዴ?

ኦፕሬሽን ክፍል ተመለስኩ። የሚገርመው፣ ባልዲው ገና አልተደፋም። ውስጡ ዘጠኝ ትልልቅ የሆድ ጎዝ አለ፤ እኛ ፓክ የምንለው። በፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ ማዋለጃ ክፍል ወሰድኩትና ሕፃናት የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ፣ ከሥር ሌላ ፕላስቲክ አንጥፌ አስቀመጥኩት። 1,120 ግራም። አንድ ደረቅ ፓክ ብቻውን ስመዝን 30 ግራም ሆነ። ዘጠኙ ደረቅ ሆነው 270 ናቸው ማለት ነው። ሲቀነስ 850። የሳክሽኑ ጠርሙስ ላይ 900 ነበር፤ የሽርት ውሃውንና ሆዷ የታጠበበትን ሳላይን (የጨው ውሃ) 400 ያህል ነው ብለን ብናወጣለት 500 ይቀራል። ድምሩ 1,350። ጨርቁ ላይና ወለሉ ላይ የቀረውን ሳንቆጥር።

600 ብለን የጻፍነው ከእጥፍ በላይ ነበር። ሁለት ዩኒት ደም ተሰጣት፣ ዳነች። በአራተኛው ቀን ልጇን ታቅፋ ስትወጣ በሩ ላይ አየኋት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሚዛን ሳላወራ አልውልም፤ ይሄ ጽሑፍም ከዚያው የመጣ ነው።

ዓይን ለምን ይሳሳታል? ቤታችሁ ሞክሩት። ቀይ ስር ቀቅሉና ውሃውን ያዙ። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ሙሉበት። አሁን ሩቡን ነጭ ፎጣ ላይ፣ የቀረውን ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ አፍሱትና ሳያይ የቆየ ሰው ጠርታችሁ «ይሄ ስንት ይሆናል?» በሉት። ነጭ ፎጣው ላይ ያለውን ያጋንነዋል፣ ብርድ ልብሱ የጠጣውን ግን አያየውም። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥም የሚሆነው ይሄው ነው። ደም ጎዝ ውስጥ ይገባል፣ አረንጓዴ ጨርቅ ውስጥ ይጠፋል፣ ከታካሚው ጀርባ ሥር ይጠራቀማል፣ የሐኪሙ ጋዋን ላይ ይቀራል፣ ከሽርት ውሃና ከሳላይን ጋር ይደባለቃል። አንድ ቦታ ላይ ተጠራቅሞ የሚጠብቀን ደም የለም።

ጥናቶቹም ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነው። ትንሽ ሲፈስ ሰው አብዝቶ ይገምታል። ብዙ ሲፈስ ደግሞ አሳንሶ ይገምታል፣ በጣም ብዙ ሲፈስ ደግሞ በጣም አሳንሶ። ማለትም ዓይናችን ከሁሉ ይልቅ የሚከዳን በጣም በምንፈልገው ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ የሕንድ ጥናት፣ ቤልጋም በተባለ ቦታ፣ በወለዱ እናቶች ላይ በዓይን የተገመተውን ደም መስመር በተሠመረበት ፕላስቲክ ከተሰበሰበው ጋር አነጻጽሮ ነበር። የዓይኑ ግምት በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሦስተኛው ደም ሳይታይ ቀረ ማለት ነው።

«እኔ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ዓይኔ ሚዛን ነው» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ይሆናል። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ልምድ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። ብዙ ጥናቶች የሥራ ዓመትና የግምት ትክክለኛነት እንደማይገናኙ አሳይተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ገምተን አንድም ቀን መዝነን ካላረጋገጥን፣ መሳሳታችንን የሚነግረን ምን ነበር? ሥልጠና ይረዳል፣ እሱም ቢሆን ካልተደገመ በወራት ውስጥ ይረሳል።

ሥልጠና ካነሳሁ አይቀር፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማየት የምፈልገው ነገር አለ። ለንደን ውስጥ የሚሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት የሥዕል መመሪያ ነው። ጊዜው ያለፈበትን ደም ጎዝ ላይና ወለል ላይ አፍስሰው ፎቶ አነሱት። ከእሱ የምታገኙት ይሄ ነው፤ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ ጎዝ ጥግብ ብላ ስትረጥብ 60 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። 30 በ30 የሆነው 140፣ 45 በ45 የሆነው ትልቁ ደግሞ 350። ወለል ላይ ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ክብ 500 ሚሊ ነው፣ አንድ ሜትር የሚሰፋው 1,500። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ክቡ በሁለት እጥፍ ሲሰፋ ደሙ በሦስት እጥፍ አደገ። ዓይን ስፋቱን በእርምጃ ነው የሚለካው፣ ደሙ ግን ከዚያ ፈጥኖ ይበዛል።

አንድ የ10 ኪሎ ሕፃን አስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና የደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ላይ፣ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ለአዋቂ ከ500 ሚሊ፣ ለልጅ በኪሎ ከ7 ሚሊ በላይ ደም ሊፈስ ይችላል ወይ ይላል። ለ10 ኪሎው ሕፃን ይሄ 70 ሚሊ ነው። አንድ ሲኒ ቡና። አንዲት ጥግብ ያለች ትንሽ ጎዝና ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። እዚህ ጋ «ትንሽ ነው የፈሰሰው» የሚል ቃል መኖር የለበትም።

ወደ ሚዛኑ ልመለስ። አንድ ሚሊ ሊትር ደም 1.06 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለሥራ ግራምና ሚሊ እኩል ናቸው ብንል የሚጎዳን ነገር የለም። እርጥቡን መዝን፣ ደረቁን ቀንስ፣ የቀረው ደም ነው። በቃ። ቀለል ያለ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል።

ቀላል ነው ስል ግን ዘዴ የለውም ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው ነገር ደረቁ ነው። ውጭ አገር ጎዝ በፋብሪካ ታሽጎ ስለሚመጣ ክብደቱ አንድ ነው። እኛ ጋ ግን ብዙ ቦታ ጎዙ በጥቅል ይመጣና እዚያው ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ በአውቶክሌቭ ይቀቀላል። የዛሬው ፓክ አራት እጥፍ፣ የነገው ስድስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመጽሐፍ ላይ «አንድ ፓክ ይሄን ያህል ይመዝናል» ብላችሁ አትውሰዱ። የራሳችሁን አሥር ፓክ መዝኑና ለአሥር አካፍሉ፣ ሚዛኑ አጠገብ ጻፉት። አጣጠፉ ሲቀየር እንደገና መዝኑ።

ሁለተኛው፣ ፓኩ በሳላይን ተነክሮ ተጨምቆ የሚሰጥ ከሆነ መነሻው ደረቁ ሳይሆን የተጨመቀው ክብደት ነው። ይሄን የዘነጋ ሰው ሳላይኑን እንደ ደም ይቆጥረዋል። ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ ጎዝ ባልዲ ውስጥ ሰዓታት ሲቆይ ይደርቃል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። እኔ በዚያች ሌሊት ከሁለት ሰዓት በኋላ የመዘንኩት ራሱ ከእውነተኛው ያነሰ ሳይሆን አይቀርም። ፓክ በወጣ ቁጥር አምስት አምስት እያደረጉ መመዘን ይሻላል፤ ለጎዝ ቆጠራውም ይመቻል። ሆድ ውስጥ ጎዝ እንዳይረሳ ስክራብ ነርስ (ለሐኪሙ መሣሪያ የምታቀብለው) እና ራነር (ዕቃ የምታመላልሰው) መቁጠራቸው አይቀርም። እየቆጠሩ መመዘን የሚጨምረው ሥራ ትንሽ ነው።

ሳክሽኑ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ጠርሙሱ ላይ መስመር ስላለ ትክክል የሆነ ይመስላል። ውስጡ ግን ደም ብቻ የለም። ሆድ የታጠበበት ሳላይን አለ፣ በወሊድ ኦፕሬሽን ደግሞ የሽርት ውሃ አለ፣ እሱ ብቻውን ወደ 700 ወይም 800 ሚሊ ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ዘዴ አለው፤ ልጁ ወጥቶ ውሃው ከተሳበ በኋላ፣ የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ፣ ራነሯ ጠርሙሱን አይታ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትናገር። ሁለተኛ ጠርሙስ ካለ ይቀየር። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው በአብዛኛው ደም ነው። ለማጠቢያ የሚከፈተው ሳላይንም በሊትር ተቆጥሮ ይመዝገብ። እኔ ያቺን ሌሊት «400 ያህል» ያልኩት ይሄን ስላልመዘገብን ነው፤ እሱም ግምት ነበር።

ሌላው መንገድ ስሌት ነው። ግሮስ የተባለ የሰመመን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ቀመር እስካሁን ይሠራበታል። የሰውየውን ጠቅላላ ደም ታገኛላችሁ፤ ለአዋቂ ሴት በኪሎ 65 ሚሊ፣ ለወንድ 75፣ ለጨቅላ ሕፃን ከ80 በላይ። ከዚያ ሄሞግሎቢኑ፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደሙ ቀይ ክፍል፣ ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ አይታችሁ፣ ልዩነቱን ለሁለቱ አማካይ ታካፍሉና በጠቅላላው ደም ታባዛላችሁ።

ይሄ ቀመር ከኦፕሬሽን በኋላ ሳይሆን በፊት ሲሠራበት ነው የምወደው። 60 ኪሎ የምትመዝን፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት 3,900 ሚሊ ደም አላት። ሄሞግሎቢኗ 12 ከሆነና ከ8 በታች እንዳይወርድ ከፈለግን፣ 1,560 ሚሊ ገደማ ብታጣ ትችለዋለች። ሄሞግሎቢኗ 9 ከሆነስ? 460። ያቺው ሴት፣ ያው ኪሎ፣ ያው ኦፕሬሽን። አንዷ ሊትር ተኩል ትችላለች፣ ሌላዋ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ስለዚህ «500 ብቻ ነው የፈሰሳት» የሚለው አነጋገር የማን 500 እንደሆነ ካልተነገረ ትርጉም የለውም።

እየደማ ባለበት ሰዓት ግን ሄሞግሎቢንን አትመኑ። ይሄን ለተማሪዎች የማስረዳው በወጥ ነው። ከድስቱ ግማሹን ወጥ ብትጨልፉ የቀረው ወጥ አይቀጥንም፤ ያው ወፍራም ነው፣ አነሰ እንጂ። የሚቀጥነው ውሃ ስትጨምሩበት ነው። ደምም እንደዚያ ነው። ሰው አንድ ሊትር ደም አፍስሶ ወዲያው ሄሞግሎቢኑ ቢለካ 12 የነበረው 12 ገደማ ሊሆን ይችላል። ሰውነቱ ከውስጥ ውሃ እየሳበ ሲሞላ፣ እኛም ግሉኮስና ሳላይን ስንሰጠው፣ ያኔ ነው የሚወርደው። «ሄሞግሎቢኑ ደህና ነው፣ አልደማም» ማለት ሰው ሊያስገድል የሚችል ስህተት ነው። በተቃራኒው ብዙ ፈሳሽ የተሰጠው ሰው ሄሞግሎቢኑ ወርዶ ሲታይ ከእውነተኛው በላይ የደማ ሊመስል ይችላል።

ሰውነት ራሱስ አይናገርም? ይናገራል፣ ግን ዘግይቶ። አዋቂ ሰው ከደሙ ከ15 እስከ 30 በመቶ ሲያጣ፣ ማለትም ከ750 እስከ 1,500 ሚሊ፣ የልብ ምቱ ይጨምራል እንጂ የላይኛው ግፊቱ ብዙ ጊዜ አይወርድም። ግፊት በግልጽ የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ወጣትና ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ እስከ መጨረሻው ትታገልና በድንገት ትወድቃለች። በኦፕሬሽን ላይ ሌላ ችግር አለ፤ በጀርባ የሚሰጠው ሰመመን ራሱ ግፊት ያወርዳል፣ እኛ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት እንሰጣለን፣ ስለዚህ ሞኒተሩ ላይ ያለው ቁጥር የደሙ ነው ወይስ የመድኃኒቱ ማለት ይከብዳል።

ቢሆንም አንድ ቀላል ነገር አለች። የልብ ምቱን ለላይኛው ግፊት አካፍሉ። በወለደች እናት ላይ ውጤቱ ከ0.9 ካለፈ ተጠንቀቁ። የእኔዋ ታካሚ 128 ለ90 ነበረች፤ 1.4። ይሄን ሂሳብ ራሱ የሚሠራና በትራፊክ መብራት ቀለም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሚያሳይ የግፊት መለኪያ አለ፤ ክሬድል ይባላል። በስምንት አገሮች በተካሄደ ጥናት ተሞክሯል፣ አንዱ ቦታ አዲስ አበባ ነበር። ቀዩ ሲበራ ማንም ሰው ይገባዋል፤ ማካፈል አያስፈልግም።

ሀብታም አገር ያሉት ደግሞ ወደ ካሜራ ሄደዋል። ትራይተን የሚባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አግኝቷል። ያገለገለውን ጎዝ በአይፓድ ፎቶ ታነሱታላችሁ፣ ሶፍትዌሩ ከቀለሙ ተነስቶ ስንት ሄሞግሎቢን እንዳለበት ያሰላል። ሳላይን የተቀላቀለበትን ደም ከንጹሕ ደም መለየቱ ነው ጥሩ ጎኑ፤ ሚዛን ይሄን አይችልም። ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ጋችና ሊትል የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪሞች ጎዙንና ጨርቁን በውሃ አጥበው፣ በውሃው ቅላት ስንት ደም እንደፈሰሰ ለክተው ነበር። ዛሬ ሳሙናውና ገንዳው ቀርቶ ካሜራ ገባ እንጂ የሚለካው ያው ቅላቱ ነው። ለእኛ የሚመጣበት ቀን ሊኖር ይችላል። እስከዚያ ግን ቁጭ ብለን የምንጠብቅበት በቂ ምክንያት የለም፣ ሚዛኑ ዛሬም ገበያ ላይ አለና።

አሁን ከልብ ማሰብ ያለብን ጥያቄ መጣ። በትክክል መለካት ብቻውን ሰው ያድናል? አያድንም። ይሄን በግልጽ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም የሚዛን ወዳጅ የሆንን ሰዎች አንዳንዴ ቁጥሩን ከሰውየው በላይ እናያለን። በ13 የአውሮፓ አገሮች ከ25,000 በላይ ወሊዶች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ ነበር። ግማሾቹ ሆስፒታሎች ደም መሰብሰቢያ ከረጢት ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ በዓይን ቀጠሉ። የከባድ መድማት መጠኑ በከረጢቱ 1.71 በመቶ፣ በዓይን 2.06 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ አለ ለማለት የሚያስደፍር አልነበረም።

ከዚያ ደግሞ ኢ-ሞቲቭ መጣ። ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ210,000 በላይ በማህፀን የወለዱ እናቶች የተካተቱበት ጥናት ነው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታተመ። እዚያም የተሰጠው መስመር ያለበት ፕላስቲክ ነው። ነገር ግን ከፕላስቲኩ ጋር አንድ ስምምነት አብሮ ነበር። ደሙ 500 ሲደርስ፣ ወይም 300 ደርሶ የልብ ምት ወይም ግፊት ከተዛባ፣ ማንም ማንንም ሳያስፈቅድ ሁሉም ሕክምና ባንዴ ይጀመራል፤ ማህፀን ማሸት፣ ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ (መድማትን የሚቀንስ መድኃኒት)፣ ፈሳሽ፣ የሚደማውን ቦታ መመርመር፣ ካልቆመ የበላይ መጥራት። አንድ ሞክሮ ጠብቆ ሌላ መሞከር የለም። በተለመደው አሠራር ከደሙት እናቶች መድማታቸው የታወቀላቸው 51 በመቶው ብቻ ነበሩ፣ በአዲሱ 93 በመቶ። ከባድ መድማት፣ ሆድ መከፈት ወይም በመድማት መሞት ከ4.3 በመቶ ወደ 1.6 በመቶ ወረደ። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት አሠራሩን ተቀብሎታል።

ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ከረጢቱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ልዩነቱ ቁጥሩ ምን እንደሚያስነሳ አስቀድሞ መነገሩ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይሄ ነው፤ ቅጠሉን ግን ቀድሞ ማዘጋጀት ይፈልጋል። የእኔ «500 በል» የነበረው ችግር ስህተት መሆኑ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የሚመጣ መሆኑም ነው። ቆዳ እየተሰፋ የሚነገር ቁጥር፣ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ለማህደር ነው የሚጠቅመው።

ኢ-ሞቲቭ በማህፀን ለሚወልዱ ነው። በኦፕሬሽን ለሚወልዱት ይሄን የመሰለ ነገር ገና በደንብ አልተዘረጋም፤ እዚያ ደግሞ ከወትሮውም ብዙ ይፈሳል፣ በልማድ ከ1,000 በላይ ሲሆን ነው በዛ የሚባለው። እኛ አገር ይሄ ጉዳይ የበለጠ ይከብዳል። ብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ላይ ኦፕሬሽኑን የሚሠሩት የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሆነው፣ ሌሊትም ቀንም። ደሙ ከጎን ካለ ክፍል አይመጣም። ደም ባንኩ ሌላ ከተማ ነው፣ መኪና መሄድ አለበት፣ አንዳንዴ ሹፌር መፈለግ አለበት። ለዚህ ነው 700 ላይ ማወቅና 1,400 ላይ ማወቅ የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቀው። 700 ላይ ካወቅን መኪናው ይነሳል። አብዝቶ መገመትም ጉዳት አለው። አንድ ከረጢት ደም አንድ ሰው ክንዱን ዘርግቶ የሰጠው 450 ሚሊ ነው። ላላስፈለገው ሰው ከተሰጠ፣ ነገ ለሚያስፈልጋት እናት ፍሪጁ ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ እኔ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ራነሯ አጠገብ በርጩማ ላይ አንድ ሚዛን ይቀመጥ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ለጎዝ ብቻ የሚያገለግል፤ የሕፃናቱን ሚዛን ዳግመኛ እንዳንወስድ። ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ ይኑር፣ ድምሩ እየተጻፈበት ይሂድ። 500 ሲሞላ ጮክ ተብሎ ይነገር፣ ከዚያ በየ250ው። በየትኛው ቁጥር ምን እንደሚደረግ ኦፕሬሽኑ ሳይጀመር እንስማማ፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ መቼ፣ ደም መቼ ይጠየቅ፣ የበላይ መቼ ይደወልለት። የታካሚዋ ሄሞግሎቢን 9 ከሆነ ደግሞ ቁጥሮቹ ሁሉ ዝቅ ይበሉ።

ሚዛኑን ከሌሎች ሁለት ባልደረቦቼ ጋር አዋጥተን ገዛነው። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ አሰልቺ ነበር፣ ራነሯም «ሥራ ጨመራችሁብኝ» ብላ ተቆጥታኝ ነበር፣ እውነቷንም ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ከባድ ኦፕሬሽን ገባ። ሆዱ ገና ክፍት ነው፣ ሐኪሙ አጎንብሶ የሚደማውን ይፈልጋል፣ እኔ ግፊቱን እያየሁ ነው፤ ደህና ነበር። አምስተኛውን ፓክ አስቀምጣ ደረቁን ቀነሰችና ወደ ሰሌዳው ዞራ ጻፈች። «ስምንት መቶ ሃምሳ» አለች፣ ጮክ ብላ።

ሐኪሙ ቀና አለ። «ስንት?»

«ስምንት መቶ ሃምሳ።»

እኔ በዚያን ሰዓት ስልኩን አንስቼ ደም እየጠየቅኩ ነበር።